ጅማ ላይ ለሚሠራ ኮምፒዩተር የውሃ ማቀዝቀዣ ሲታቀድ፦ ስለ ራዲያተሩ መጠን፣ ስለ ውሃውና ስለ ክፍሉ አየር

ንድፍ_ከጅማ ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። ኑሮዬም ሥራዬም ጅማ ነው፤ የሕንፃ ንድፎችን ብሌንደር በሚባል ሶፍትዌር ወደ ምስልና ወደ አጫጭር ቪዲዮ እቀይራለሁ። ማሽኔ ራይዘን 9 5950ኤክስ ፕሮሰሰርና ያገለገለ አርቲኤክስ 3090 ግራፊክስ ካርድ ያለው ሲሆን፣ ሁለቱም እስካሁን የሚቀዘቅዙት በፋን ነው። ሬንደር (ንድፉን ወደ ምስል የመቀየሩ ሥራ) ሲኖር ካርዱ ቀንና ሌሊት ያለ ዕረፍት ይሠራል። ክፍሌ ደግሞ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ስስ በመሆኑ ፀሐይ በሚበረታባቸው ወራት ከቀትር በኋላ የውስጡ አየር 30 ዲግሪ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት የካርዱ ቺፕ 80 ዲግሪን ያልፋል፣ ሜሞሪው ከ104 በታች አይወርድም፣ የፋኖቹም ጩኸት ከደንበኛ ጋር በስልክ አያነጋግርም።

ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ዙር የሚያቀዘቅዝ የውሃ ማቀዝቀዣ ራሴ ለመገጣጠም አስቤአለሁ። ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ የሚላክ ስለሆነ አንዲት ትንሽ ነገር ብትጎድል ሥራው ለወራት እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ከመግዛቴ በፊት ዕቅዱን አይታችሁ እንድታርሙልኝ የምጠይቀውም ለዚህ ነው። ያሰብኩት ለፕሮሰሰሩና ለካርዱ አንድ አንድ ብሎክ (ቺፑ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን በውስጡ ለሚያልፈው ውሃ የሚያስረክብ ብረት)፣ ከውሃ ቋቱ ጋር የተጣመረ ዲ5 ፓምፕ፣ አንድ ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር እና ውስጡ የሚታይ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

ባለ 360ው ራዲያተር ብቻውን ይበቃል? የጅማ አየር እርጥበት የበዛበት ነው፤ ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ እንኳ ቶሎ አይደርቅም፤ ቱቦዎቹና ብሎኮቹ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ጠርሙስ ላብ አውጥተው ማዘርቦርዱን አያበላሹትም ወይ? ለዙሩ የሚሆነው ውሃስ እዚሁ ከተማ ምን ተብሎ ይጠየቃል? መብራት በድንገት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም አላውቅም። በመጨረሻም፣ ራዲያተሩን ከመስኮቱ ውጭ በበረንዳው ክዳን ሥር ሰቅዬ ሙቀቱን ጭራሽ ከክፍሉ ማስወጣት ይቻል እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ሙቀት_ለካ መለሰ፦

ከራዲያተሩ ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው። ውሃ ሙቀትን ከብሎኩ ተቀብሎ ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል እንጂ አያጠፋውም፤ በመጨረሻ የሚረከበው የክፍልዎ አየር ነው። 5950ኤክስ በወረቀት ላይ 105 ዋት ቢባልም በሙሉ ጭነት እስከ 142 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል፤ 3090 በመነሻ ቅንብሩ 350 ዋት ነው፤ ፓምፑም በሙሉ ፍጥነት 20 ዋት ገደማ ይጨምራል። ድምሩ ወደ 510 ዋት ይጠጋል። ፋኖቹ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,200 ዙር ብቻ ቀስ ብለው እየተሽከረከሩ ውሃው ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ እንዳይበልጥ የሚፈልግ ሰው፣ ለእያንዳንዱ 120 ሚሊሜትር ራዲያተር 100 ዋት ገደማ ይመድባል። ይህ የገጣጣሚዎች ግምት ነው፤ እንደ ራዲያተሩና እንደ ፋኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለዕቅድ ግን ይበቃል። በዚህ ስሌት ያሰቡት ባለ 360 ራዲያተር ሦስት 120 ስለሆነ የሚሸከመው 300 ዋት ነው። 510 ዋት ሲጫንበት ውሃው ከክፍሉ አየር በ17 ዲግሪ ይበልጣል፤ ክፍሉ 30 ሲሆን ውሃው 47 ይሆናል ማለት ነው። ዲ5 ፓምፕ እስከ 60 ዲግሪ ስለሚታገሥ ይህ አደጋ አይደለም፤ ነገር ግን ሙቀቱን ለማውረድ ፋኖቹን ማፍጠን ግድ ይልዎታል፤ ያን ጊዜ የሸሹት ጩኸት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሒሳቡ የሚረሳው የከፍታ ጉዳይ አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ባይቀንስም የዚያ አየር ክብደት ይቀንሳል፤ ሙቀት ተሸካሚው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ 100 ዋት ያልነውን ለእኛ አገር 80 ብሎ መያዝ ይሻላል። 510ን ለ80 ሲያካፍሉት ከስድስት ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለት ባለ 360 ራዲያተሮች ማለት ነው፤ ትርፏን በፋኖቹ ፍጥነት ላይ ጥቂት በመጨመር ይወጧታል። ውፍረታቸው 30 ሚሊሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ባለ 60 ሚሊሜትሮቹ ጥቅማቸው የሚታየው ፋኑ በኃይል ሲነፍስ ብቻ ነው፣ እርስዎ ደግሞ የሚፈልጉት ጸጥታ ነው።

ስለ ፓምፑ ፍጥነት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ውሃው በደቂቃ 4 ሊትር ቢዘዋወር 510 ዋቱን ተቀብሎ የሚሞቀው ከ2 ዲግሪ በታች ነው፤ ፍሰቱ ወደ 1 ሊትር ካልወረደ በስተቀር ልዩነቱ ከ7 ዲግሪ አያልፍም። ፕሮሰሰሩ ይቅደም ወይስ ካርዱ የሚለው ክርክርም ስለዚህ ትርጉም የለውም፤ ቱቦው በሚያጥርበት አቅጣጫ ያስኪዱት። የማይታለፈው ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ ቋቱ ከፓምፑ በፊትና ከእሱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ፓምፑም ለቅጽበት እንኳ በደረቁ አይሽከርከር።

ላብ ስለማውጣት የጠየቁት ክፍል ውስጥ በሚቀመጥ ራዲያተር ላይ አይደርስም። ውሃው የሚቀዘቅዘው በዚያው ክፍል አየር ስለሆነ ከአየሩ በታች ሊወርድ አይችልም፤ ጤዛ የሚፈጠረው ደግሞ ከአየሩ በቀዘቀዘ ገጽ ላይ ነው። ቋቱ ውስጥ በረዶ የሚጨምሩ ሰዎች የሚጎዱት ለዚህ ነው።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ሙቀት አመንጪዎቹም አብረው ይቆማሉ፤ የቀረችው ሙቀት በውሃው ውስጥ ተበትና ታልቃለች። ይልቅ የሚያሠጋው መብራት እያለ ፓምፑ ብቻውን ሲቆም ነው። የፓምፑን የፍጥነት መለኪያ ሽቦ ማዘርቦርዱ ላይ የፕሮሰሰር ፋን ከሚሰካበት ቦታ ይሰኩትና፣ ዙሩ ዜሮ ሲሆን ማሽኑ እንዲጠፋ ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ያዝዙ።

ባለ_ጋራዥ መለሰ፦

ወንድሜ፣ እኔ የመኪና መካኒክ እንጂ የኮምፒዩተር ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን የእኅቴ ልጅ እንዲህ ያለውን ማሽን ሲገጥም ውሃውንና ጎማውን የመረጥኩለት እኔ ስለሆንኩ በዚያ ልክ እናገራለሁ።

የምትፈልገው ዲስትልድ ውሃ ነው፤ መለዋወጫ ሱቅ ሄደህ የባትሪ ውሃ ብለህ ጠይቅ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ጥርት ያለ ቢመስልም ማዕድን አለው፤ የቧንቧውም እንዲሁ፤ ከጊዜ በኋላ በብሎኩ ቀጫጭን ክንፎች መካከል ነጭ ነገር ይጋገራል። አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ፤ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ ብዙ ጊዜ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በሚመሳሰል ፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀመጣሉ፤ ሻጩም ሁለቱንም «የባትሪ» ብሎ ሊያቀብልህ ይችላል። ጽሑፉን አንብብ፤ ከዚያም ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ በልና የባትሪ መለኪያ ሃይድሮሜትር ተዋስ። መለኪያው ንጹሕ ይሁን እንጂ የአሲድ ቅሪት አይኑርበት፤ ጥቂት በብርጭቆ ቀድተህ ከዚያው ሳብበት፣ የሳብከውንም ወደ ጠርሙሱ አትመልሰው። ተንሳፋፊዋ ከታች ከተቀመጠች ውሃ ነው፤ ተነሥታ 1.20 ወይም 1.28 አካባቢ ከቆመች አሲድ ስለሆነ አስቀምጠው። ውሃነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ንጽሕናውን በቲዲኤስ መለኪያ (በውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በሚለካው) እይ፤ ጥሩ ዲስትልድ ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያሳያል።

ውሃ ብቻውን አይበቃም፤ ዝገትና አልጌ መከላከያ ያስፈልገዋል። ለኮምፒዩተር ተብሎ የሚሸጠውን የተጠናከረ ፈሳሽ በትንሽ ጠርሙስ አስመጥተህ በዲስትልዱ ብታቀጥነው ጥሩ ነው። የመኪና ኩላንት ጨምረው የሚሠሩም አሉ፤ መከላከያ ስላለው ይሠራል፤ ነገር ግን አብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ልጅ ወይም ውሻ ባለበት ቤት የተቀዳውን ክፍት ትቶ መሄድ አይገባም። ቀለም ያለውንና ወተት የሚመስለውን ፈሳሽ ተወው፤ ቀለሙ ይዘቅጥና ብሎኩን ይደፍናል።

ምናልባት «የመኪና ራዲያተር ርካሽ ነው» የሚልህ ይመጣ ይሆናል። ያሁኑ መኪና ራዲያተር አሉሚኒየም ነው፤ ብሎኮችህ ግን መዳብ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ባትሪ ውስጥ የሚሆነው ዓይነት ነገር እዚያው ይጀመራል። ከድሮ መኪና ላይ የወጣ፣ በስታኞ የተበየደ የመዳብና የነሐስ ሂተር ራዲያተር ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ለኮምፒዩተር የተሠራ ራዲያተር እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ፈረንጆቹም በእሱ ይጠቀሙ ነበር። ውስጡን ማጽዳቱ ግን ቀላል እንዳይመስልህ።

ቱቦውን ከብሎኩና ከራዲያተሩ ጋር የሚያያይዘው ፊቲንግ ሩብ ኢንች ነው፤ ፊለቶው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ውሃውን የሚይዘውም ኦሪንጉ (የጎማ ቀለበቱ) ነው። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ሩብ ኢንች ጫፉ እየሾለ የሚሄድ ሊሆን ስለሚችል አክሪሊክ ላይ ስታጠብቀው ይሰነጥቀዋል። ቴፍሎን አትጠቅልል፤ ኦሪንጉ በእጅ ጠብቆ ይበቃዋል። ስለ ቱቦው ደግሞ የእኔ ምርጫ ጥቁር ኢፒዲኤም ጎማ ነው፤ ብርሃን ስለማያሳልፍ አልጌ አያበቅልም፣ እንደ ግልጹ ፕላስቲክም አይደበዝዝም፤ ፊቲንግ ቢያጥርህ በተራ አፍንጫና በፋሼታ ታስረዋለህ። ጠንካራው ቱቦ ያምራል፤ ነገር ግን በሙቀት መታጠፍ፣ በልክ መቆረጥ አለበት፤ አንዱ ቢበላሽብህ ተተኪውን ከየት ታመጣለህ?

ቁጥብ_እጅ መለሰ፦

ከእኔ በፊት የጻፉት ሁለቱም ጥሩ አድርገው አስረድተዋል፤ እኔ ግን ከግዢው በፊት መደረግ ያለበት ነገር ተዘሏል ባይ ነኝ። የጠያቂው ትልቁ ችግር ሜሞሪው ነው። 3090 ላይ ሃያ አራት ጂዲዲአር6ኤክስ ሜሞሪ ቺፖች አሉ፤ አሥራ ሁለቱ ከፊት፣ አሥራ ሁለቱ ደግሞ ከሰሌዳው ጀርባ ናቸው። የውሃ ብሎክ የሚቀመጠው በፊት በኩል ነው፤ የጀርባዎቹ ሙቀታቸውን የሚያስተላልፉት በሙቀት አስተላላፊ ፓድ አማካይነት ለጀርባው ብረት ብቻ ነው። ሜሞሪው 110 ዲግሪ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ያዘገያል፤ የእርስዎ ከዚያ ብዙም አልራቀም። ስለዚህ ብሎክ ከገዙ ከጀርባም ውሃ የሚያልፍበትን ዓይነት ይፈልጉ፤ እሱ ካልተገኘ ጥሩ ፓድና በጀርባው ብረት ላይ የሚነፍስ አንድ ፋን ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ ቢገጥሙ ቺፑ ወደ 50 ዲግሪ ወርዶ የጀርባ ሜሞሪው ግን ከነበረበት ብዙም ሳይርቅ ሊያገኙት ይችላሉ።

ሁለተኛው ነገር ካርዱ ያገለገለ መሆኑ ነው። ለብሎክ ከማውጣትዎ በፊት አሁን ባለው ማቀዝቀዣ ይክፈቱት፣ ደርቆ የተሰነጠቀውን የሙቀት አስተላላፊ ፓስታና ፓድ በትክክለኛው ውፍረት ይቀይሩ፣ ከዚያም የኃይል ገደቡን ከ350 ወደ 280 ዋት ዝቅ አድርገው ሳምንት ያህል ያሠሩት። ከኃይሉ አንድ አምስተኛው ሲቀነስ የሬንደር ፍጥነቱ የሚቀንሰው ከዚያ በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ሙቀቱና ጩኸቱ ግን በግልጽ ይወርዳሉ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ውሃውን ይተወዋል። ካርዱ የተደበቀ ሕመም ካለውም በዚህ ጊዜ ይታወቃል፤ ብሎክ ከተገጠመለት በኋላ ቢሞት ብሎኩ ለሌላ ካርድ አይሆንም።

ብሎክ በካርዱ ስም ብቻ አይገዛም። «3090» የሚል ጽሑፍ ያላቸው ካርዶች ሰሌዳቸው እንደየአምራቹ ይለያያል፤ የኤንቪዲያ የራሱ ፋውንደርስ ኤዲሽን ሰሌዳ እንኳ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ካርዱን ከፍተው ሰሌዳው ላይ የታተመውን ቁጥር ፎቶ ያንሡና የብሎኩ አምራች ከሚያወጣው የተስማሚነት ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ።

ፕሮሰሰሩን በተመለከተም ተስፋዎን ልከኛ ያድርጉ። የ5950ኤክስ ሙቀት የሚወጣው ከሁለት ትንንሽ ቺፖች ስለሆነ ከቺፑ ወደ ክዳኑ እስኪያልፍ ድረስ ጠበብ ባለ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣን በውሃ መተካት የሚያወርድለት ጥቂት ዲግሪ ነው። የውሃ ትልቁ ጥቅም የሚታየው ካርዱ ላይ ነው።

ንድፍ_ከጅማ መለሰ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የሃይድሮሜትሩን ነገር ባይነግሩኝ ኖሮ ከየትም አላገኘውም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ቁጥብ_እጅ በመከሩኝ መሠረት የኃይል ገደቡን ዛሬውኑ 280 ላይ አድርጌዋለሁ፤ የጩኸቱ ልዩነት ወዲያው ይሰማል፤ ፓድና ፓስታ ደግሞ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ገዝቶ በአውቶቡስ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። ውሃውን ግን አልተውኩትም፤ የሚቀጥለው ሥራ ረጅም አኒሜሽን ስለሆነ ማሽኑ ለሳምንታት አያርፍም።

እንግዲህ ዕቅዱ ሁለት ባለ 360 ራዲያተር፣ ባለ ጀርባ ብሎክ፣ ጥቁር የኢፒዲኤም ቱቦ ወደሚለው ተለውጧል። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከሁለቱ ራዲያተሮች አንዱን ከውጭ ስለመስቀል ያነሣሁት አልተመለሰልኝም፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ማሽኑን ሳላበራ ፍሳሽ እንደሌለው የማረጋግጥበትን መንገድ ማወቅ እሻለሁ።

ሙቀት_ለካ መለሰ፦

ራዲያተሩን ስለማውጣት ጠይቀው ማለፌ አግባብ ስላልሆነ አሁን ልመልስ፤ ላብ አይፈጠርም ያልኩት ራዲያተሩ ክፍል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ጅማ ከኅዳር እስከ ጥር የውጭው አየር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ጊዜያት አሉ። ሬንደሩ አልቆ ማሽኑ ግን ሳይጠፋ ካደረ ፓምፑ ያንን ቅዝቃዜ ወደ ክፍሉ ይዞት ይገባል፤ ሰው የተነፈሰበትና ቡና የተፈላበት የክፍል አየር ደግሞ ሞቃትና እርጥብ ነው። በዚያን ጊዜ ጤዛው የሚፈጠረው እርስዎ በፈሩት ቦታ፣ በብሎኮቹ ላይ ነው። ውጭ ያለው ራዲያተር ዝናብ ባያገኘው እንኳ በበጋ የመንገዱን ቀይ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ ሁለቱንም ውስጥ ያድርጓቸው፤ ማስወጣት ያለብዎት ሞቃቱን አየር ነው። ማሽኑን ከመስኮቱ አጠገብ አስቀምጠው የኬዙ ትንፋሽ በሚወጣበት በኩል አንድ ኤግዞስት ፋን መስኮቱ ላይ ይግጠሙ፤ በተቃራኒው ግድግዳም ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍተት ይተዉ። ይህ ካልተደረገ ከ400 ዋት በላይ የሆነው ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ይጠራቀምና ራዲያተሩ የሚነፍሰው የራሱን ሙቀት መልሶ ይሆናል።

ለፍሳሹ ፍተሻ በጣም የሚሻለው በእጅ ፓምፕ የሚሠራ የአየር ግፊት መፈተሻ ነው፤ ከፊቲንጎቹ ጋር አብሮ ይታዘዝ። ዙሩ ገና ውሃ ሳይገባበት ግማሽ ባር ያህል አየር ይሞሉትና ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ቀስቷ ከወረደች አንድ ቦታ ይተነፍሳል። ነገር ግን የቋቱን ወይም የፓምፑን የግፊት ጣሪያ ከመመሪያው አይተው ከዚያ አይለፉ። አየሩን ከያዘ በኋላ ውሃውን ሲሞሉ ማዘርቦርዱም ካርዱም ከፓወር ሰፕላዩ ይነቀሉ፤ ኃይል የሚያገኘው ፓምፑ ብቻ ይሁን። ባለ 24 ፒኑ ማገናኛ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በሽቦ ቁራጭ ሲያገናኙት ፓወር ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርድ ይነሣል። የፓወር ሰፕላይዎ ሽቦዎች ሁሉም ጥቁር ከሆኑ ግን በቀለም ሳይገምቱ የፒኑን ቦታ ከሥዕል ያረጋግጡ። ቋቱ ሊጎድል ሲል ያጥፉ፣ ይሙሉ፣ እንደገና ያብሩ። በየፊቲንጉ ሥር ነጭ ሶፍት ጠቅልለው አንድ ሙሉ ቀን ፓምፑን ብቻ ያሠሩት፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ሶፍቱ ላይ ትታያለች።

ከዚያ በፊት ግን አዲሶቹን ራዲያተሮች ይጠቡ፤ ውስጣቸው የብየዳ ቅሪት አለ። በሙቅ ውሃ ደጋግመው አንቀጥቅጠው፣ የመጨረሻውን በዲስትልድ ያለቅልቁ። ፋን ሲያስሩባቸውም የብሎኖቹን ርዝመት ይለኩ፤ የፋኑ ውፍረት 25 ሚሊሜትር ነው፣ 30 ሚሊሜትር ብሎን 5 ሚሊሜትር ብቻ ይገባል። ከዚያ የረዘመው ከክንፎቹ አልፎ የውሃውን መስመር ሊበሳ ይችላል፤ ራዲያተር በብዛት የሚበላሸውም በዚህ ነው።

ትእዛዙ ላይ ከሚያስፈልጉት በላይ አራት አምስት ፊቲንግ፣ አንድ ከረጢት ኦሪንግ፣ ከዙሩ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚገባ የማፍሰሻ ቫልቭና አንድ የውሃ ሙቀት መለኪያ ይጨምሩ። መለኪያውን ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ከሆነ የፋኖቹ ፍጥነት በፕሮሰሰሩ ሙቀት መሆኑ ቀርቶ በውሃው ሙቀት እንዲመራ ያድርጉ፤ ያኔ በየቅጽበቱ ከፍ ዝቅ አይሉም።

የኬዝዎን ስም አልጻፉም። ከላይ የሚገባው ራዲያተር ከፋኑ ጋር 55 ሚሊሜትር ቦታ ይወስዳል፤ ከኬዙ ጣሪያ እስከ ራሞቹ ጫፍ፣ እንዲሁም ከፊት ግድግዳው እስከ ካርዱ አፍንጫ ያለውን ርቀት ለክተው ይጻፉልን፤ ባለ 360 ራዲያተር ሁለት መግባቱን ሳናረጋግጥ ምንም እንዳያዝዙ።